የ24 ወሩ ኮምቴ ከ8 ወሩ ይበልጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ሊዮን ነው። የቅዳሜ ገበያ ላይ አይብ የሚሸጠው ሰውዬ ኮምቴን የ8 ወር፣ የ12 ወር፣ የ18 ወር፣ የ24 ወር እያለ ይደረድራል። ዕድሜው ሲጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ለፋሲካ ደህና ቁራጭ ልገዛ አስቤ ነበር። የ24 ወሩ የምር ይሻላል ወይስ የነጋዴ ጨዋታ ነው? ያረጀው ውስጥ ነጫጭ ጥቃቅን ነገሮች አያለሁ። ጨው ነው ወይስ እየተበላሸ ነው? ደግሞ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የጥሬ ወተት አይብ ስለሆነ ተይው የሚሉኝ አሉ። እናቴም ከአገር ቤት መጥታ አብራን ናት፣ ወተት ሆዷን ይነፋታል። ምን ትለኛለህ?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የ24 ወሩ ከ8 ወሩ አይበልጥም፣ ይለያል እንጂ። ነጫጮቹ ነገሮች ጨውም ብልሽትም አይደሉም። አንቺ ኮምቴ መብላት ትችያለሽ፣ ቅርፊቱን አንስተሽ። እናትሽም ይቅመሱት። አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ውዬ የማመሸው አይብ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ስለሆነ ወሬው ሊረዝም ይችላል፣ ታገሺኝ።

ወሩ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይቡ ማቆያ ጓዳ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ። ላሟ ያኔ ሳር ትበላ ነበር ወይስ ድርቆሽ? ጓዳው ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቅ ያለ? ያ አይብ ሁለት ዓመት ለመቆየት አቅሙ ነበረው ወይ? ይህን ወሩ አይነግርሽም። ጣዕሙ የሚወሰነው ግን በነዚህ ነው።

ኮምቴ ከእናንተ ሩቅ አይደለም የሚሠራው። ከሊዮን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትወጪ፣ የስዊዘርላንድ ድንበር ጥግ፣ የዡራ ተራሮች አሉ። ክልሉ በዋናነት ዱ፣ ዡራ እና ኤን የሚባሉትን አውራጃዎች ይይዛል። ክረምቱ ረጅም ነው፣ በረዶው ከባድ ነው። ገበሬው የበጋ ወተቱን ለክረምት የሚያሻግርበት መላ ያስፈልገው ነበር። መላው ትልቅና ደረቅ ያለ አይብ መሥራት ሆነ። ትልቅ አይብ ግን ብዙ ወተት ይፈልጋል። አንድ ድፍን ኮምቴ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ 400 ሊትር ያህል ወተት ይበላል። በድሮ ጊዜ ጥቂት ላም ያለው ገበሬ ይህን ብቻውን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ወተቱን አንድ ቦታ ማጠራቀም ጀመረ። ይህ ልማድ ቢያንስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል። የጋራ አይብ ቤቱ ፍሩቲየር ይባላል። ዛሬም ከ100 የሚበልጡ ፍሩቲየሮች በየመንደሩ አሉ። ኮምቴ አሁን ስማቸው በሕግ ከተጠበቀላቸው የፈረንሳይ አይቦች ሁሉ በብዛት የሚመረተው ነው፣ በዓመት ከ60 ሺህ ቶን በላይ። ያም ሆኖ አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ሁሉንም ጠቅልሎ አልያዘውም። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

ስሙ በሕግ የተጠበቀው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፣ በአውሮፓ ደረጃ ደግሞ በ1996። ሕጉ ጥብቅ ነው። ወተቱ ከሞንቤልያርድ ወይም ከፈረንሳይ ሲመንታል ላሞች ብቻ መምጣት አለበት። ገበያ ላይ በፖስተር የምታያት ቀይና ነጭ፣ ጭንቅላቷ ነጭ የሆነችው ላም ሞንቤልያርድ ናት። አብዛኛው ወተት የሷ ነው። ላሞቹ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ይታለባሉ። ላሟ ደስ ባላት ሰዓት እየገባች የምትታለብበት ሮቦት የተከለከለ ነው። ወተቱ የሚሰበሰበው የመሐል ለመሐል ስፋቱ 25 ኪሎ ሜትር ከሆነ ክብ ውስጥ ብቻ ነው። ከሩቅ በቦቴ የሚጫን ወተት የለም።

ከሕጎቹ ሁሉ አንዱን ልብ በይልኝ። ላሞቹ ሳይሌጅ አይበሉም። ሳይሌጅ ማለት እርጥብ ሳር ወይም በቆሎ አየር እንዳይገባው ታፍኖ፣ ኮምጥጦ የሚቀመጥ መኖ ነው። በብዙ አገር ላም ክረምቱን የምትወጣው በሱ ነው። ችግሩ ከሳይሌጅ ጋር ወደ ወተቱ የሚገቡ የባክቴሪያ ዘሮች ናቸው። ሙቀት አይገድላቸውም። አይቡ ውስጥ ተደብቀው ይቆዩና ከወራት በኋላ ይነሳሉ። ጋዝ ያመነጫሉ፣ አይቡ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይገማል። የ4 ወር አይብ ምናልባት ሳይነኩት ያመልጥ ይሆናል። 18 ወር የሚቀመጥ ግን አያመልጥም። በበጋ ሳር፣ በክረምት ድርቆሽ የሚለው ሕግ ለጌጥ የተጻፈ እንዳይመስልሽ። ያለሱ የ24 ወር ኮምቴ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

አሠራሩን ቶሎ ልለፈው። ወተቱ ጥሬ ነው፣ አይፈላም። በታለበ በ24 ሰዓት ውስጥ መርጋት አለበት፣ ስለዚህ ፍሩቲየር በዓልም እሑድም አይዘጋም። ትልቅ የመዳብ ጋን ውስጥ ይገባል፣ መዳብ መሆኑም ግዴታ ነው። ለስለስ ብሎ ይሞቅና ከጥጃ ጨጓራ የሚገኝ ማርጊያ ይጨመርበታል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ይረጋል። የረጋው ወተት የስንዴ ፍሬ እስኪያህል በቢላ ይከተፋል። ከዚያ እየተማሰለ ከ53 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ ለግማሽ ሰዓትም እዚያው ሙቀት ላይ ይቆያል። ይህቺን ቁጥር ያዢልኝ፣ ስለ እርግዝናሽ ስንነጋገር እንመለስባታለን። ፍሬዎቹ ሲሞቁ ውሃቸውን ይተፋሉ። አጓቱ ተንጠፍጥፎ፣ ፍሬው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ፣ ተጭኖ ያድራል። በማግስቱ ድፍኑ ይወጣል፣ ይጨዋል፣ ኤፒሴያ በሚባል የጥድ ዓይነት ሳንቃ ላይ ይተኛል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ወይን አሙቆ ተዋሲያን የመግደልን ዘዴ፣ ኋላ ለወተት የዋለውን፣ ያገኘው ሉዊ ፓስተር የዚሁ አገር ልጅ ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. ዶል ከተማ ተወለደ፣ አርቧ ላይ አደገ። ሁለቱም ዡራ ውስጥ ናቸው። የትውልድ አገሩ አይብ ግን እስከ ዛሬ የሱን ዘዴ አላስጠጋም።

ወደ ዕድሜው እንምጣ። ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 120 ቀን ነው። ከዚያ በታች ኮምቴ ተብሎ አይሸጥም። ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ የባለሙያው ውሳኔ ነው። ይህ ባለሙያ አፊነር ይባላል። አይብ አይሠራም። ከፍሩቲየር የመጣለትን ድፍን ተረክቦ፣ እያገላበጠ፣ በጨው ውሃ እያሸ፣ ለአቅመ ገበያ ያደርሰዋል። ዛሬ ማገላበጡንና ማሸቱን በብዛት ሮቦት ይሠራዋል። ምላሱንና ጆሮውን ግን ማንም አልተካለትም።

ጆሮ ያልኩት በምክንያት ነው። አፊነሩ እጁ ላይ ሶንድ የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። አንደኛው ጫፏ መዶሻ ነው፣ ሌላኛው ባዶ ቱቦ ሆኖ የተሳለ ነው። ድፍኑን ከሳንቃው ሳብ ያደርግና በመዶሻው ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር ኳ ኳ ያደርገዋል። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ውስጡ ድፍን ነው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከተለወጠ እዚያ ስንጥቅ ወይም ትልቅ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የተሳለውን ጫፍ ጎኑ ላይ ሰክቶ ያዞርና የትንሽ ጣት ያህል አይብ መዝዞ ያወጣል። መጀመሪያ ያሸተዋል። ከጫፉ ቆንጥሮ በሁለት ጣቱ ይፈጨዋል፤ ይለጠጣል? ይፈረፈራል? ቅባቱ ይወጣል? ትንሽ ቆርሶ ይቀምሳል። የተረፈውን መልሶ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካና አፉን በአውራ ጣቱ ለስኖ ይደፍነዋል። ከዚያ ይፈርዳል። ይሄ ደርሷል፣ ይውጣ። ይሄ ገና ነው፣ ተመልሶ ይተኛ። ይሄ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ እስከ 20 ወር ይሄዳል።

የጥያቄሽ መልስ እዚህ ጋ ነው። ከአንድ ፍሩቲየር፣ በተመሳሳይ ሳምንት የወጡ ድፍኖች እንኳ አቅማቸው ይለያያል። አንዱ በ8 ወሩ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እሱን በግድ 24 ወር ብታስቀምጪው ይደርቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ምላስ ይቆነጥጣል። ሌላው በ8 ወሩ ዝም ያለ ነው፣ ምንም አያወራም፣ በ18 ወሩ አፉን ይከፍታል። ጎበዝ አፊነር የመጀመሪያውን በ8 ወሩ ይሸጠዋል። ሸቀጡን አወረደው ማለት አይደለም። ጊዜው ደርሶ ነው።

ጓዳውም ይለያያል። ድሮ አይቡን ሞቅ ባለ ጓዳ ቶሎ ማድረስ የተለመደ ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. ማርሴል ፕቲት የሚባል አፊነር ሌላ መንገድ ሞከረ። ሳን አንትዋን የሚባል መንደር አጠገብ፣ ተራራ ላይ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ግንባታው ያለቀ የወታደር ምሽግ አለ። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጣሪያው አፈር የለበሰ ነው፣ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ጦሩ ትቶት ወጥቷል። ፕቲት አይቡን እዚያ አስገብቶ በብርድ፣ ቀስ ብሎ እንዲደርስ አደረገ። ዛሬ ያ ምሽግ 100 ሺህ ያህል ድፍን ኮምቴ ይዟል። በብርድ የቆየ የ12 ወር ኮምቴ ሞቅ ባለ ጓዳ ከቆየው የ12 ወር ኮምቴ ጋር ስታስተያዪው ገና ልጅ ነው። ሁለቱም ላይ የሚጻፈው ግን «12 ወር» ነው።

ታዲያ ዋጋው ለምን ይጨምራል? ነጋዴው እያታለለሽ አይደለም። አይቡ በተቀመጠ ቁጥር ውሃው ይተናል፣ ኪሎው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቃ ይዞ፣ እየተገላበጠ፣ የባለቤቱን ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል። ሁለት ዓመት የሚችለው ድፍንም ጥቂት ነው። ተጨማሪው ብር የዚህ የዚህ ነው። የጣዕም ደረጃ መክፈያ ግን አይደለም። ይርጋጨፌ ከሐረር ቡና ይበልጣል ወይ ብትዪኝ ምን እመልስልሻለሁ? ይሄም እንደዚያው ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ይህን ብዙ ሻጭ እንኳ አይነግርሽም። ፋሲካ ኤፕሪል ላይ ነው እንበል። የ8 ወሩን ወደ ኋላ ቁጠሪው። ያለፈው ኦገስት ላይ ይደርሳል። ላሞቹ መስክ ላይ ነበሩ፣ ሳር ይበሉ ነበር። የ10 ወሩ ጁን ላይ ያደርስሻል። ተራራው በአበባ የተሞላበት ጊዜ ነው። የ18 ወሩ ኦክቶበር ነው፣ የመጸው ሳር። የ24 ወሩስ? የዛሬ ሁለት ዓመት ኤፕሪል። ከፍ ባለው ቦታ ላሞቹ ያኔ ገና ጋጥ ውስጥ ድርቆሽ ላይ ነበሩ። እንግዲህ ለፋሲካ በውድ የገዛሽው የድርቆሽ አይብ ሊሆን ይችላል፣ ርካሹ ደግሞ የአበባ ሳር። የድርቆሽ አይብ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ዝግ ያለ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል፣ የራሱ ወዳጅ ያለው አይብ ነው። ግን ምን እንደምትገዢ እወቂ።

በቀለሙም ትለዪዋለሽ። ሳር ውስጥ ያለው ካሮቲን ወደ ወተቱ ያልፋል፣ የበጋው አይብ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የክረምቱ ነጣ ያለ፣ የዝሆን ጥርስ ዓይነት ነው። እየቆየ ሲሄድ ትንሽ ይጠቁራል፣ ስለዚህ በቀለም ብቻ አትማዪ። ሻጩን «የየትኛው ወር ሥራ ነው?» በዪው። ድፍኑ ጎን ላይ ከወተት ፕሮቲን የተሠራች ሞላላ አረንጓዴ ሰሌዳ ትለጠፋለች። የፍሩቲየሩ ቁጥርና የተሠራበት ወር እሷ ላይ አለ። ደህና ሻጭ ዞር ብሎ አይቶ ይነግርሻል። «ማን ያውቃል» የሚል ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ስለ ጎኑ ካነሳን ዙሪያውን የሚጠመጠመውን ቀለማም ጥብጣብ፣ ባንዱንም እይው። እያንዳንዱ ምርት ከጓዳ ሲወጣ ከ20 ነጥብ ይሰጠዋል። ከ20ው 9ኙ ለጣዕም ነው። የቀረው ለሰውነቱ፣ ለቀዳዳው፣ ለቅርፊቱና ለቅርጹ ይከፋፈላል። ከ14 በላይ ያገኘ አረንጓዴ ባንድ ይጠመጠምለታል። ከ12 እስከ 14 ያገኘ ቡናማ ባንድ ያገኛል። ከ12 በታች የሆነው ኮምቴ የሚለውን ስም ያጣል፣ ቀልጦ ወደሚሠራ አይብ ይሄዳል። ልብ በይ፣ ዕድሜ ነጥብ ውስጥ የለም። የ6 ወር ልጅ አረንጓዴ ሊያገኝ ይችላል፣ ያረጀው ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቡናማ ሆኖ ጣዕሙ ደህና የሆነም አለ። ቅርፊቱ ስለተጎዳ ወይም ስለተሰነጠቀ ብቻ ነጥብ የተቀነሰበት። ዋጋው ቀነስ ያለ ቡናማ ካገኘሽ፣ ቅመሽና ከጣመሽ ግዢ። እኔ ቤቴ እሱንም እበላለሁ።

ጣዕሙን በቃል መናገር ይከብዳል። የኮምቴ ሰዎች ግን 83 የጣዕምና የሽታ ዓይነት በስድስት ቤተሰብ ከፍለው ዘርዝረዋል። የወተት፣ የፍራፍሬ፣ የተቆላ ነገር፣ የዕፅዋት፣ የእንስሳ፣ የቅመም። ወጣቱ ወደ ወተትና ቅቤ ያደላል፣ አንዳንዴም ትኩስ ለውዝ። የቆየው ወደ ተቆላው ይሄዳል። የተጠበሰ ሽንኩርት፣ የነጠረ ቅቤ፣ አንዳንዴ ቡና። ባንኮኒ ላይ «ፍሩይቴ ነው ሳሌ የምትፈልጊው?» ይሉሻል። ፍሩይቴ የሚሉት የፍራፍሬ ለስላሳውን ነው፣ ሳሌ የሚሉት ጠንከር ያለውን። «ሳሌ» ሲሉ ጨው የበዛበት እንዳይመስልሽ። ኮምቴ ከብዙ ጠጣር አይቦች ያነሰ ጨው ያለው ነው።

ነጫጮቹ ነጥቦች ታይሮሲን ናቸው። አይቡ ሲቆይ ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ ወደ ትናንሽ አሚኖ አሲዶች ይፈርሳል። ታይሮሲን አንዱ ነው፣ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም። አይቡ ውሃው እያነሰ ሲሄድ ይጠራቀምና ይጠጥራል። ጥርስሽ ስር ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ጨው ቢሆን ኖሮ ሟሙቶ ነበር የምታገኚው። ብዙ ሰው ነጥቡን ካየ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገዛል። መቆየቱን እንጂ መጣፈጡን አያሳይም። አንዳንዴ በ10 እና በ12 ወሩም ይመጣል።

ያረጀው ላይ ደግሞ ቀጫጭን አግድም ስንጥቆች ታያለሽ። እነሱም ምንም አይደሉም፣ አይቡ ሲያረጅ የሚመጡ ናቸው። ጥቂት የአተር ወይም የቼሪ ፍሬ የሚያካክሉ ቀዳዳዎችም ጤነኛ ናቸው። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ፣ ሲሸተት የትውከት ዓይነት ክርፋት ያለው ከሆነ ተይው። እንዲህ ያለው ግን ከጓዳው አልፎ ባንኮኒ አይደርስም።

አሁን ወዳንቺ። ሰዎቹ የሚያስፈራሩሽ ከሊስቴሪያ የተነሳ ነው፣ ፍርሃታቸውም ባዶ አይደለም። ሊስቴሪያ በጥሬ ወተት አይብ ውስጥ ልትገኝ ትችላለች፣ ፍሪጅ ውስጥም ትራባለች። ለነፍሰ ጡር ከባድ ናት፣ ጽንስ እስከማስወረድ ትደርሳለች። የፈረንሳይ የጤና ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የጥሬ ወተት አይብ እንዳይበሉ የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ከዚህ ምክር ግን አንድ ቤተሰብ ተለይቶ ይወጣል። ሲሠራ ሞቆ የተጫነ ጠጣር አይብ፣ ማለትም ኮምቴ፣ ቦፎር፣ ኤሜንታል። ያዢልኝ ያልኩሽ 53 ዲግሪ እዚህ ገባች። ሙቀቱ፣ ከዚያ የውሃው ማነስ፣ ከዚያ የወራት መቆየት ተደምረው ለተዋሲያኑ ኑሮ ያከብዱባቸዋል። ቅርፊቱ ግን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ የሚታሸው፣ ሰው የሚነካው ክፍል ነው። ስለዚህ ወፈር አድርገሽ ቆርጠሽ ጣዪው።

አደጋው ያለው ከኮምቴው አጠገብ ነው። እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ ከዚያው ተራራ፣ ከነዚያው ላሞች የመጡ ሁለት ዘመዶች አሉት። አንዱ ሞርቢየር ነው፣ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ሌላው ሞን ዶር ነው፣ በክብ እንጨት ሣጥን የሚሸጠው፣ በማንኪያ የሚበላው። ሁለቱም ጥሬ ወተት ናቸው፣ ሁለቱም ያን ሙቀት አላዩም። ሕፃኑ እስኪወለድ ይቆዩሽ። ረብሎሾን የሚባለው ለስላሳ የጥሬ ወተት አይብም እንዲሁ። ሻጩ ሞርቢየር በቆረጠበት ቢላ ያንቺን ኮምቴ እንዳይቆርጥ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ንገሪው። ቢላውንም ሰሌዳውንም ይለውጥልሻል። ይህ ማስቸገር አይደለም፣ በቀን ስንቴ የምንጠየቀው ነገር ነው። ሐኪምሽ ወይም አዋላጅሽ በጤናሽ ምክንያት የተለየ ነገር ካዘዙሽ ደግሞ የእነሱን ስሚ። ጥቅሙም ቀላል አይደለም። 30 ግራም ኮምቴ ውስጥ 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ሆድ የሚነፋው የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው። አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ወጥቶ ይሄዳል። የተረፈውን ባክቴሪያዎቹ በመጀመሪያው ቀን ይጨርሱታል። ኮምቴ ጓዳ ሲገባ ላክቶስ አለው ለማለት አያስደፍርም። ለሳቸው የ8 ወሩም የ24 ወሩም አንድ ነው። ብቻ ጾሙን ይዘው ከነበረ፣ ከ55 ቀን በኋላ በቅባት ላይ መዝለቅ ሆድ ያስቸግራል፣ ያ የላክቶስ ጥፋት አይደለም። በቀጭኑ ይጀምሩ።

ለፋሲካው እኔ አንቺን ብሆን አንድ ትልቅ የ24 ወር ቁራጭ አልገዛም። 200 ግራም ከ8 ወይም ከ10 ወሩ፣ 200 ግራም ከ18 ወሩ እወስዳለሁ። ጎን ለጎን ስትቀምሺያቸው ልዩነቱ ራሱ ያጫውታችኋል። ከመግዛትሽ በፊት ቅመሺ። ቀጭን ቁራጭ አስቆርጠሽ መቅመስ እዚህ አገር ነውር አይደለም። ለአንቺ የሚቆረጠው ግን ከቅርፊቱ ራቅ ብሎ፣ በንጹሕ ቢላ ይሁን።

ቤት ስትወስጂው በመጣበት ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርገሽ፣ ፍሪጁ የአትክልት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ፕላስቲክ ብቻውን ያልበዋል። ፍሪዘር አታስገቢው፣ ይፈረፈራል። ኮምቴ ሁለት ሦስት ሳምንት በደህና ይቆያል፣ ግን እርጉዝ ስለሆንሽ የተቆረጠውን ቶሎ ጨርሺው። የቅዳሜ ሹር ገበያ ብትገዢው ይበቃል። ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ አውጪው። ከፍሪጅ የወጣ ኮምቴ ምንም አይናገርም።

አቆራረጡም አለው። ቁራጩ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ሹሉ የድፍኑ መሐል ነው፣ ሰፊው ጫፍ ቅርፊቱ። መሐሉ ለስላሳ ነው፣ ወደ ቅርፊቱ ስትሄጂ ይበረታል። ሹሉን ቆርጠሽ ለአንድ ሰው፣ ዳሩን ለሌላው ከሰጠሽ ሁለት የተለያየ አይብ ነው ያበላሻቸው። ከሹሉ እስከ ቅርፊቱ በረጅሙ ቁረጪው፣ ለሁሉም ከሁለቱም ይድረሰው።

የተረፈውን ለማቅለጥ ካሰብሽ ወጣቱን ተጠቀሚ። እሱ ይለጠጣል፣ ከመኮሮኒም ከድንችም ጋር ይስማማል። የ18ና የ24 ወሩ እሳት ላይ ዘይቱን ይለቃል፣ የከፈልሽበትም ሽታ በእንፋሎት ይሄዳል። እሱን በዳቦ ብሉት።